አራተኛው ዓምድ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ እድር ነበር። ሰፈሩን በስም አልጠራውም፤ ምሳሌ ነውና አንባቢ ደስ ባለው ወንዝ ዳር ያስቀምጠው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ገና ሳይነጋ በየቅያሱ እየዞረ ሞት የሚለፍፈው ጥሩምባ ነፊ፣ ሁሉም እንደ ሌላው እድር ነው። የሚለየው በመዝገቡ ነበር። መዝገቡ ሦስት ዓምድ ብቻ አለው፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ መዋጮ። አባሉ ከየት አገር እንደመጣ፣ ምን እንደሚያመልክ፣ ምን ሠርቶ እንደሚበላ፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ቤቱ የራሱ ይሁን የኪራይ፣ አንዱም አልተጻፈም።

ደንቡን ያወጡት የመጀመሪያው ዳኛ ናቸው ይባላል። የካቲት 12 ቀን 1929 የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ዳኛው ጎረምሳ ነበሩ። ከተማው ሦስት ቀን ሲታረድና ሲቃጠል አይተዋል፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ጣሊያን የተማረውን እየለየ ሲያጠፋም አይተዋል። ታላቅ ወንድማቸውን የወሰዱት ወታደሮች መልኩን አያውቁትም ነበር። ወረቀት ይዘው መጡ፤ ወረቀቱ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የተማረበት ትምህርት ቤት ተጽፏል፤ በቃ። ጣሊያን ወጥቶ ሰፈሩ እድር ሲያቋቁም፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ መዝገቡን በስድስት ዓምድ አስምሮ ቢያመጣላቸው ሦስቱን ሰረዙበት።

ጸሐፊው ተከራከረ። "ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ካልለየን ማንን የት እንቀብራለን?"

"ሲሞት ቤተሰቡ ይነግረናል" አሉት።

ሁለተኛው ጸሐፊ መሥሪያ ቤት የሚውል፣ የእጅ ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል የሚያምር ሰው ነበር። እውነቱን ለመናገር የመዝገቡ ነገር አያስደስተውም ነበር። በሦስተኛው ዓምድና በገጹ ጠርዝ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ እጁን ያሳክከዋል። አንድ ሁለት ጊዜ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ "ዘመኑ የሥልጣኔ ነው፤ መረጃ እንሰብስብ" ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ስቀው አለፉት። እሱም የተሰጠውን ደንብ አክባሪ ስለነበር ባዶውን በባዶነቱ ተወው። ጀግና ነበር አልልም። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያድነው ጀግንነት ሳይሆን እንዲህ ያለ ግትር ሥርዓት አክባሪነት ነው፤ እኔ በዚህ አምናለሁ።

ሚያዝያ 1969 የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን ወርውረው ከሰበሩ በኋላ ሰፈሩ እንደ ሌላው ሰፈር የቀይ ሽብር ሰፈር ሆነ። ቀን የሚታወቅ ፊት ሌሊት ጠመንጃ ይዞ ይመጣል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ከሩቅ የመጣ ሰው አልነበረም፤ የልብስ ሰፊው ልጅ ነው። ጸሐፊው ቤት ሲያንኳኳ ሁለት ጎረምሶች ከኋላው ነበሩ።

"ጋሼ፣ የእድሩን መዝገብ ፈልጌ ነበር።"

"ቁጭ በል እንጂ። ቡና አለ።"

"ለቡና አልመጣሁም።"

መዝገቡን አመጣለት። ልጁ በባትሪ ብርሃን ገለጠ፣ ገለጠ፣ መጨረሻ ደረሰ። "ምንድነው ይሄ? ስምና ቁጥር ብቻ!"

"መዋጮም አለ" አለ ጸሐፊው። "አባትህ የመጋቢትን አልከፈሉም።"

ከኋላ ካሉት አንዱ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። የልብስ ሰፊው ልጅ ግን የሚፈልገውን ያውቃል። በየቤቱ ከአሥራ አምስት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ ስንት ሰው አለ፣ የት ይማራል፣ የት ያድራል፣ በዚህ ወር እንግዳ ያሳደረ ማነው፤ ይህ አራተኛ ዓምድ ሆኖ ይጨመር፣ እስከ ቅዳሜ ይድረስ።

ጸሐፊው "እምቢ" አላለም። "እጨምራለሁ" አለ። "ብቻ ደንቡ፣ መዝገብ የሚሻሻለው በጠቅላላ ጉባኤ ነው ይላል። ጉባኤ እንዳልጠራ ደግሞ ያለ ቀበሌ ፈቃድ መሰብሰብ ተከልክሏል። ፈቃዱን ስጠኝና እሑድ እጠራለሁ።"

ልጁ ፈቃድ የሚሰጠው ሊቀመንበሩ መሆኑን ያውቃል። ሊቀመንበሩ በበኩሉ በእነዚያ ሳምንታት ከመቶ ሰው በላይ አንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ፈቅዶ መጠየቅ አልፈለገም፤ ደብዳቤ ጽፎ ወደ ከፍተኛው አስተላለፈው። ከፍተኛው ደብዳቤውን አቆይቶ አቆይቶ፣ የመቃብር ማኅበር ጉዳይ አብዮታዊ አጀንዳ አይደለም ብሎ መለሰው። እስከዚያ አንድ ወር አለፈ። በዚያ ወር ውስጥ ጸሐፊው አንድ ሳምንት ያህል በቀበሌው መጋዘን ታስሮ ቆየ፤ እግሩን ተገረፈ፤ "ደንቡ ነው" ከማለት በስተቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ሲወጣ አንካሳ ነበር፤ አንካሳ ሆኖ ቀረ።

የገረፉት ስለ መዝገቡ ብቻ ነበር። ስለ እቃ ቤቱ ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። የእድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ በሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት፣ በሸራው ጥቅልሎች መሐል፣ የእህቱ ልጅ ከመጋቢቱ የቤት ለቤት አሰሳ ጀምሮ ያድር ነበር። ይህን የሚያውቁት ጸሐፊውና ጥሩምባ ነፊው ናቸው፤ ቁልፍ የያዙት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ። ሚስቱ አንድ እንጀራ በየማታው ከመሶቡ እንደሚጎድል ታያለች፤ አልጠየቀችም። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃቸው ደግሞ ምንም አታውቅም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ከጎረምሶቹ አንዱ ከረሜላ ይዞ "ቤታችሁ ማን ማን ያድራል?" ቢላት "አባዬ፣ እማዬ፣ እኔና ዶሮዋ" አለችው። እውነቷን ነበር። ልጅን ውሸት ከማስተማር የሚሻለው እውነቱ አነስ ያለ እንዲሆንላት ማድረግ መሆኑን ያ ቤት ገብቶት ነበር።

ይህ ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። ልጅቷ ያንን ክረምት የምታስታውሰው አባቷ እቃ ቤቱ አጠገብ ስትጫወት በቁጣ የገፈተራት ቀን ነው። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም። በቤት ውስጥ ዝምታ ሲነግሥ ልጅ ዝምታውን በራሷ ጥፋት ትተረጉመዋለች። የአክስቷ ልጅ በመተማ በኩል ሱዳን፣ ከሱዳን አሜሪካ መግባቱን፣ በዚያ ክረምት ከአልጋዋ ሃያ ክንድ በማይርቅ ቦታ ያድር እንደነበር የሰማችው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን እፎይ አላለችም፤ አኮረፈች። መብቷ ነበር።

በዚያው ክረምት እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ የአንዲት እናት ብቸኛ ልጅ ተገደለ። አስከሬኑ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት መንገድ ዳር ተጥሎ ዋለ፤ ከዚያ መኪና ጭኖት ሄደ፤ የት እንደተቀበረ አይታወቅም። በዚያ ዘመን እንደነበረው ልቅሶ ተከለከለ። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ደረት መምታት፣ ሁሉም "ከጸረ አብዮት ጋር መተባበር" ነው። ለሞት የተቋቋመ ማኅበር፣ ሞት በየቤቱ ሲገባ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ታዘዘ።

ዳኛው (ሦስተኛው ዳኛ፣ ፈሪ ግን ደግ ሰው) ምን እንደሚደረግ ጨነቃቸው። ጥሩምባ ነፊው ግን አንድ ነገር አደረገ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሁልጊዜ በሚለፍፍበት ሰዓት፣ ሁልጊዜ በሚሄድበት መንገድ፣ ከቅያስ ቅያስ ዞረ። ጥሩምባውን አልያዘም። አፉን አልከፈተም። በየበሩ ፊት ለፊት ትንሽ ቆም እያለ አለፈ። ውሃ ልትቀዳ የወጣች አየችው፤ አጥር ሥር ፊቱን የሚታጠብ አየው። ለሁሉም ገባቸው።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን የሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ በኋላ ራሳቸውን ቢያመሰግኑም። ማንም ለልቅሶ አልሄደም። አንዷ ጠዋት "ወንፊት አውሺኝ" ብላ ሄደች፤ በነጠላዋ ሥር እንጀራ በወጥ ይዛ። ሌላዋ ረፋድ ላይ "ቡና ቆልተሽ እንደሆነ ሸቶኝ ነው" ብላ ገባች፤ ቡናውን ራሷ ይዛ ነበር የመጣችው። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ ሁለት ሆነው አይገናኙም። እናቲቱ አርባ ቀን ሙሉ ብቻዋን አልዋለችም፤ አርባ ቀን ሙሉ እሳት አላነደደችም። ለሰልስቱ የሚሆነው ንፍሮ በስምንት ቤት ተከፋፍሎ ተቀቅሎ በስምንት ሴቶች ኪስ ገባ። አብዮት ጥበቃው ከቅያሱ አፍ ቆሞ ቢውል የሚያየው ወንፊት የሚዋዋሱ ጎረቤቶችን ነው።

የቀብር ገንዘቡ ቀረ። ቀብር የለም፤ ስለዚህ በመዝገብ ወጪ ሊሆን አይችልም። የልጁን ሞት የሚገልጽ አንድ መስመር ከተጻፈ ደግሞ እድሩም እናቲቱም አለቀላቸው። ጸሐፊው አንድ ሌሊት አሰበና በሦስተኛው ዓምድ ላይ፣ በእናቲቱ ስም ትይዩ፣ "ትርፍ የተከፈለ መዋጮ ተመላሽ" ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ፤ በሚቀጥለውም። ገንዘቡ ተጠናቆ እስኪደርስ ድረስ ያቺ ምስኪን ሴት በወረቀት ላይ ከሰፈሩ ሁሉ አብልጣ መዋጮ የከፈለች ባለጸጋ ነበረች። ገንዘብ ያዡ ፈረመ፤ ዳኛው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ማኅተም አደረጉ።

የቀሩትን ዓመታት እዘላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም ቢችል ኖሮ በዘለላቸው።

ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው ወጡ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20 ነው። በመሐሉ ያለችው ሳምንት እንደ ምንም የማትቆጠር፣ ነገር ግን የሰው ጠባይ ሁሉ የተገለጠባት ሳምንት ናት። የተበተነው ሠራዊት በእግሩ ከተማ ገባ፤ የተራበ፣ እግሩ የቆሰለ፣ ክላሽ ያነገተ። ጠመንጃ በርካሽ ይሸጥ ጀመር። ከአባላቱ ጥቂቶቹ ገዙ፤ ከነሱ አንዱ የግቢውን አጥር በጠርሙስ ስባሪ አስከብቦ "እንግዲህ ቤተሰቤን እጠብቃለሁ" አለ። አልፈርድበትም። ብቻ የሳምንቱን ሌሊት ሁሉ እንቅልፍ ያጣው እሱ ነበር፤ ጠመንጃ እንዳለው ሰው ያውቃልና ለጠመንጃው ሲሉ ይመጡብኛል ብሎ።

እድሩ ሌላ ነገር ሞከረ። የልቅሶውን ትላልቅ ብረት ድስት ወደ አስፋልቱ ዳር አወጣ። ንፍሮና ቂጣ አዘጋጀ። የሚያልፈውን ወታደር አበላ፤ ከየትኛው ክፍለ ጦር እንደመጣ፣ ትውልዱ የት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተዋጋ ማንም አልጠየቀውም። የበላ ወታደር ቤት አይሰብርም ብሎ ያሰበው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሐሳቡ ግን እንደሠራ ይታወቃል። ሌሊት ሌሊት ጎልማሶቹ በየተራ ፊሽካና ዱላ ይዘው ጠበቁ። ግንቦት 27 የጥይት ግምጃ ቤት ፈንድቶ ከተማው ሲናወጥ፣ ከወዲያ ሰፈር ሸሽቶ ለመጣው ሰው ድንኳኑ ተተከለ። በዚያ ድንኳን ሥር ሰው የኖረበት የመጀመሪያው ጊዜ ያ ነበር፤ እስከዚያ ልቅሶ ብቻ ነበር የሚያስተናግደው።

ሰኔ ላይ ሁለት አዳዲስ ሰዎች መጡ። ትሑት ነበሩ፤ ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው ነው የገቡት። የእድሩን መዝገብ ጠየቁ፤ ከአባላቱ የደርጉ ፓርቲ የኢሠፓ አባል የነበረ፣ አብዮት ጥበቃ የነበረ፣ ወታደር የነበረ እንዲለይላቸው። ጸሐፊው ሸብቷል፤ በአንካሳ እግሩ ተነሥቶ መዝገቡን አመጣ።

"ስም፣ የቤት ቁጥር፣ መዋጮ" አላቸው። "ሌላ የለንም።"

ከመዝገቡ ስሞች መካከል የልብስ ሰፊው ልጅ ይገኛል። አባቱ ሲሞት ቦታውን ወርሶ አባል ሆኗል፤ መዋጮውን አያስተጓጉልም። በዚያ ሳምንት ከቤቱ አልወጣም ነበር። የሦስት ልጆች አባት ነው። ያን ሌሊት በባትሪ ብርሃን ፈልጎ ያጣው ዓምድ፣ አሁን ባለመኖሩ እሱን ሰወረው። ወሬውን ሲሰማ አለቀሰ ይባላል። አለማልቀሱንም የሚናገሩ አሉ።

እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ግን አላለቀሰችም። ተናድዳ ጸሐፊው ቤት መጣች።

"አንተ ታውቃለህ! ማን ልጄን እንደወሰደው ታውቃለህ። ሲጠይቁህ ዝም አልክ?"

"ሌላ ነው የጠየቁኝ" አላት። "ማን ምን እንደነበረ ነው የጠየቁኝ። ማን ምን እንዳደረገ አልጠየቁኝም፣ እቴ። ኢሠፓ የነበረውን ልስጥ ብል አሥራ ሁለት ቤት ነው፤ ከነሱ ውስጥ የአስተማሪው ሚስት አለች፤ ልጅሽ ሲሞት ነጠላዋ ሥር እንጀራ ይዛልሽ የመጣችው። ያንን ዝርዝር አልሰጥም። ልጅሽን ማን እንደወሰደው ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሚጠይቅ ዳኛ በመጣ ቀን ስሙን ጠርቼ እናገራለሁ። አንቺም ትናገሪያለሽ። አብረን እንሄዳለን።"

ሴትዮዋ ያን ቀን አላመነችውም። የፈሪ ምክንያት መሰላት። ሰው በደሉን ይዞ አሥራ አራት ዓመት ከቆየ በኋላ "ቆይ" ሲባል ሌላ ምን ይምሰለው? ነገር ግን በ1984 በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ችሎቱም በ1987 ጀመረ። ዐቃቤ ሕግ ምስክር ሲፈልግ ጸሐፊው ያንን አንካሳ እግሩን እየጎተተ ከእናቲቱ ጋር ሄደ። የልብስ ሰፊውን ልጅ ስም ጠራ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነበረውን ጨረቃ ተናገረ። የተናገረው ስለ አንድ ሰው አንድ ሥራ ነው። ሲመሰክር የተመሰከረበት ሰው ፊት ለፊቱ ነበር፤ መጠየቅ ይችላል፣ መካድ ይችላል፣ ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ አቀረበ። ተፈረደበት፤ የፍርዱን ዓመት ተቀምጦ ወጣ። የታሰረበትን ዓመታት ሁሉ ሚስቱ መዋጮውን ከፍላለች፤ እናቷ ስትሞት ድንኳኑ ተተክሎላታል፣ እንጀራ ጋጋሪዋም እዝን ይዛ መጥታለች። እዝኑን ያኖረችው ደጃፉ ላይ ነው፤ አልገባችም። ይህን ያህሉን ነው የቻለችው፤ ከዚያ በላይ የጠየቃት ሰውም አልነበረም።

በምስክርና በዝርዝር መካከል ያለው ልዩነት ብዙዎቻችን እንደምናስበው የድፍረት ልዩነት አይመስለኝም። ዝርዝር ሰጪው ሌሊት ወረቀት ያቀብልና ይተኛል። ምስክር ግን ስሙን አስመዝግቦ፣ ምሎ፣ ፊቱን አሳይቶ ነው የሚናገረው፤ ከተሳሳተ ይጠየቅበታል። ዝርዝር ደግሞ ከጻፈው ሰው በኋላም ይኖራል፤ ሩዋንዳ ውስጥ ቤልጂጎች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመታወቂያ ላይ ጎሣ የሚገልጽ መስመር አስገቡ። ያስገቡት ለአስተዳደር እንዲመች ነው። በ1986 ዓ.ም. በየኬላው የቆሙት ገዳዮች መታወቂያ አምጣ የሚሉት ለዚያች መስመር ነበር። መስመሯን የጻፈው ጸሐፊ ያኔ በሕይወት አልነበረም ይሆናል። በኛም አገር የቀበሌ መታወቂያ ላይ "ብሔር" የምትል መስመር ለብዙ ዓመት ነበረች፤ ስንሞላት ብዙዎቻችን እጃችን አልተንቀጠቀጠም።

ጸሐፊው አርፏል። መዝገቡን የወረሰችው ያቺ እቃ ቤቱ ደጃፍ የተገፈተረችው ልጁ ናት። አሁን ጡረታ ልትወጣ የደረሰች ሴት፤ ኮምፒዩተር ትችላለች፤ ኩርፊያዋም ወጥቶላታል ማለት ይከብዳል። በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቷ ልጅ እስከ ዛሬ መዋጮ ይልካል፤ በቤት ቁጥር ቦታ የእቃ ቤቱ ቁጥር ተጽፎለታል። ያስገባችው እሷ ናት። ቀልድ ይሁን ቂም አልተናገረችም።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ እየወረደ ነበር፤ ነዋሪው መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ፣ አከራይ ተከራዩን እንዲያሳውቅ፣ ሰፈር በሰፈር ተደራጅቶ አካባቢውን እንዲጠብቅ ተነገረው። እድሩ በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። ገንዘብ ያዡ ቀና ልብ ያለው ወጣት ነው፤ የባንክ ሠራተኛ፤ ለተፈናቃዮች ዱቄት በራሱ ደመወዝ የገዛ። ሐሳቡን በኤክሴል ሠርቶ መጣ፦ ስልክ ቁጥር፣ ተከራይ፣ ቤት ያረፈ ዘመድ፣ ብሔር።

"እትዬ፣ ለክፉ እንዳይመስልሽ" አለ። "ዱቄቱን በትክክል ለማከፋፈል ነው። ደግሞ በዚህ ጊዜ በየትኛው ቤት ሰው እንደሚሰጋ ካወቅን እንጠብቃቸዋለን። ካላወቅናቸው እንዴት እንጠብቃቸዋለን?"

ስብሰባው ዝም አለ። መዝገቡን ከጠየቁት ካለፉት ሁለቱ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ጠመንጃ የለውም፣ ትእዛዝም አልያዘም፣ የያዘው ፍቅር ነው። ከአባላቱ እኩሌታ ያህሉ ራሱን ነቀነቀለት።

ጸሐፊዋ መነጽሯን አወለቀች። "ስልኩ ይግባ፤ ሰው ሲሞት በጥሩምባ የማይሰማ በዝቷል። ተከራይን ማሳወቅ የአከራዩ ጉዳይ ነው፤ ለሚመለከተው ራሱ ሄዶ ይናገር፣ እድሩ ቤት አያከራይም። ለዱቄቱ ሁለት ሽማግሌ በየቤቱ ይዙር፤ ቋቱን አይቶ ይስጥ፣ ያየውን እዚያው ይተው።"

"የመጨረሻውስ?"

"ከኛ ቅያስ የሚሰጋ ማነው? አንተ ታውቃለህ?"

ልጁ ትንሽ አሰበ። "ሦስት ቤት አውቃለሁ።"

"እኔም ሦስቱን አውቃለሁ። መዝገብ ላይ አላነበብኳቸውም። ዛሬ ማታ ሄደህ አንኳኳና አብረሃቸው ራት ብላ።"

"እና ቢወሰዱስ?"

"ያኔ መሄድ ነው።"

ሄዱም። በሳምንቱ ከሦስቱ ቤት ከአንዱ አንድ ተከራይ፣ ጋራዥ የሚሠራ ሰው፣ ተይዞ ሄደ። በማግስቱ ከእድሩ ዘጠኝ ሰው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ተሰለፈ። እያንዳንዱ ስሙን፣ መታወቂያውንና ስለ ሰውየው ያየውን ብቻ ለመናገር ነው የመጣው። አንዱ መኪናውን እንዴት እንደጠገነለት ተናገረ፤ አንዷ እናቷ ሲሞቱ አስከሬን እንደተሸከመ ተናገረች። ገንዘብ ያዡ አብሮት ራት የበላበትን ማታ ሰዓቱን ሳይቀር አስመዘገበ። ሰውየው ያን ቀን አልተፈታም፤ ሌላ ሳምንትም ጨምሮ ቆየ። በየጠዋቱ ከዘጠኙ ሁለቱ ምሳ ይዘው እየሄዱ እዚያው ደጃፍ ይቀመጡ ነበር፤ የጣቢያው ሰዎች በመጨረሻ ስማቸውን አወቁ። ሲፈታ ማን እንዳስፈታው አልታወቀም፤ ምስክሮቹ ይሁኑ፣ ምሳው ይሁን፣ ወይስ ሌላ ሰው።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ኤክሴሉ ተከፈተ፤ አራት ዓምድ አለው፣ አራተኛው ስልክ ነው። ገንዘብ ያዡ በሰፈር ጥበቃ ተራው አንድ ሌሊት ስለቀረ ሃምሳ ብር ተቀጣ፤ ጣቢያ በር ላይ ነበርኩ ቢልም ደንቡ ነው ተባለ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው አጀንዳ ታለፈ፤ ካለፈው ልቅሶ ያልተመለሰ ብረት ድስት። ይኸኛው እስከ ስድስት ሰዓት አጨቃጨቀ።